ከተዘጋ ስቶር የወረደ ጌም ያለበት ዲኤስአይ ፎርማት ይደረግ?

ጥያቄው፦ «የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ለታናሽ ወንድሜ ኔንቴንዶ ዲኤስአይ ኤክስኤል ሰጠው። ውስጡ ኤክስ-ስኬፕ የሚባል ከስቶር የወረደ የታንክ ጌም አለ፤ ልጁ ከዚህ ሌላ ጌም አይሻም። አሁን መሣሪያው በበራ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ይጠፋል። ታንኩ በብዕሩ ወደ ግራ ይዞራል፣ ወደ ቀኝ እምቢ ይላል። ጌሙን ልንገለብጥበት 64 ጊጋ ካርድ ገዛን፣ አያነበውም። እስካሁን የምንሞላው በተዋስነው ቻርጀር ነበር፤ ለአሜሪካው ቻርጀር የስፒና መለወጫ ገዝቻለሁ፣ ገና አልሰካሁትም። አንድ ጠጋኝ ‹ፎርማት ላድርገውና ይስተካከላል፣ ጌሙን መልሳችሁ ታወርዳላችሁ› ብሎናል። ላስደርገው? ጌሙን ስልኬ ላይስ መጫን ይቻላል? ያለነው ጅማ ነው።»

ምላሽ፦

አታስደርጊው። ፎርማት ከተደረገ ጌሙ አብሮ ይጠፋል፣ መልሶ ለመውረዱ ደግሞ ዋስትና የለም። የዲኤስአይ ስቶር የተዘጋው እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2017 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 22 ቀን 2009 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያኔ የቆመው አዲስ ግዢ ነው፤ ቀድሞ የተገዛውን በዚያው መሣሪያ መልሶ ማውረድ ከዚያ በኋላም ይቻል ነበር፣ ግን እስከ መቼ እንደሚቆይ ማንም ዋስትና አይሰጥሽም። ጠጋኙ እንዲያ ያለሽ ነገሩን እንደ ስልክ አይቶት ይመስለኛል። ስልክ ላይ ኢሜይልሽንና የይለፍ ቃልሽን ካስታወስሽ መተግበሪያው ተመልሶ ይመጣል። በዲኤስአይ ግን ግዢው የታሰረው በሰው ስም ሳይሆን በራሱ በመሣሪያው ነው። የአክስትሽ ልጅ ደረሰኙን ቢያገኘው እንኳ ዛሬ የሚያሳየው ቦታ የለም።

ደግሞም ፎርማት የጠየቅሽውን ችግር አይነካውም። በአሥር ደቂቃ የሚጠፋው ባትሪው ነው፣ ወደ ቀኝ የማይዞረው የንክኪ ስክሪኑ ነው፣ ያልተነበበው ካርዱ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው መፍትሔ አላቸው። ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ አስተማማኝ ኃይል፣ ቀጥሎ የጌሙ ግልባጭ፣ ካቻቪቴ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከካቻቪቴው ይጀምርና ግልባጩን የሚያስበው መሣሪያው አልበራም ሲል ነው።

ቻርጀሩን እንዳትሰኪው። ከዲኤስአይ ጋር አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቻርጀር የተሠራው ለ120 ቮልት ብቻ ነው፤ ጀርባው ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። የእኛ መብራት 220 ነው። የገዛሽው የስፒና መለወጫ ጠፍጣፋውን እግር ወደ ክብ ይቀይራል እንጂ ቮልት አይቀንስም። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ሰው በዚያ ለምዶ ይሰካዋል፤ ይኼኛው ግን በቅጽበት ይቃጠላል፣ አንዳንዴም መሣሪያው ቦርድ ላይ ያለውን ትንሽ ፊውዝ ይዞ ይሄዳል።

ያሉሽ አማራጮች ሦስት ናቸው። የተሻለው ለአውሮፓ የተሠራው የኔንቴንዶ ቻርጀር ነው፤ 230 ቮልት ተቀብሎ 4.6 ቮልት፣ 900 ሚሊአምፔር ያወጣል። የ3ዲኤስ እና የ2ዲኤስ ቻርጀርም አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሠራል፤ የዲኤስ ላይት ግን ጫፉ ስለሚለያይ አይገባም። የተዋሳችሁት ቻርጀር ገጥሞ ከሞላ ከነዚህ አንዱ ነው ማለት ነው፣ ጽሑፉን አይተሽ አረጋግጪ። ሁለተኛው በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው የዲኤስአይ መሰኪያ ያለው ገመድ ነው። 5 ቮልት ነው የሚሰጠው፤ መሣሪያው ይችለዋል፣ ከደህና የስልክ ቻርጀር ወይም ከፓወር ባንክ ይሠራል። ለጅማ እኔ የምመርጠው ይኼን ነው፦ መብራት ሲሄድ ፓወር ባንኩ ይተካል፣ መብራት ሲመለስ የሚመጣው የቮልት ዝላይም በቀጥታ አያገኘውም። ሲገዛ ጫፉ ለዲኤስአይ ወይም ለ3ዲኤስ መሆኑን ማየት ነው፤ ለዲኤስ ላይት የሚሸጠው ገመድ ከሩቅ ይመሳሰላል። ሦስተኛው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ቤት ውስጥ ለሌላ የአሜሪካ ዕቃ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙት፣ ዋጋው ከገመዱ ጋር አይወዳደርም።

ሰው ሳያውቅ ቻርጀሩን ሰክቶት ከነበረና አሁን የብርቱካንማው የቻርጅ መብራት በትክክለኛው ቻርጀርም ካልበራ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያ ፊውዝ ነው። በቴስተር ሲለካ ወደ ዜሮ ኦም ካላሳየ ተቃጥሏል። የስልክ ቦርድ የሚሠራ ባለሙያ ሊቀይረው ይችላል፤ በሽቦ ቁራጭ አገናኝቶ «ሠርቷል» የሚልሽን ግን ከልክዪው፣ ቀጣዩ የሚቃጠለው የማይተካው ዕቃ ይሆናል።

አሁን ወደ ባትሪው። ኤክስኤል የወጣው በ2010 አካባቢ ነው፤ ባትሪው የመጀመሪያው ከሆነ ዕድሜው ከ15 ዓመት አይርቅም። እንዲህ ያረጀ ሊቲየም ባትሪ ሲሞላ የሞላ ይመስላል፣ ሁለቱ ስክሪኖች ሲበሩ ግን ቮልቱ ወርዶ መሣሪያው ራሱን ያጠፋል። ለማረጋገጥ ብርሃኑን ወደ ዝቅተኛው አውርጂው። ሴሌክት የሚለውን ቁልፍ ይዘሽ የድምፅ መቀነሻውን ስትጫኚ ብርሃኑ በየደረጃው ይወርዳል፤ ደረጃው አምስት ነው። በዝቅተኛው ብርሃን አሥሩ ደቂቃ ወደ ሠላሳና አርባ ካደገ ጥፋተኛው ባትሪው ነው። ደህና የሆነ የኤክስኤል ባትሪ በዝቅተኛ ብርሃን ከ13 እስከ 17 ሰዓት፣ በከፍተኛው ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይቆያል፤ የእናንተው ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ ታዪዋለሽ። ቻርጀር ተሰክቶም የሚጠፋ ከሆነ ግን ነገሩ ከባትሪ ያለፈ ስለሆነ ግልባጩን አጣድፊው።

የባትሪው ክዳን ከጀርባ በትንንሽ ባለመስቀል ብሎን የታሰረ ነው። ጥርሱን የሚሞላ ትክክለኛ ካቻቪቴ ከሌለሽ አትሞክሪው፤ የብሎኑ ራስ ከተላጠ ሥራው ይበዛል። ክዳኑን ስታነሺ ባትሪው አብጦ ከተገኘ በዚያው መሣሪያውን መጠቀም አቁሚ። በሹል ነገር አትንቀይው፣ አትጫኚው፣ ቻርጅም አታድርጊው። ካላበጠ በቴስተር ለኪው፤ ሞልቶ ከ4.1 እስከ 4.2 ቮልት ማሳየት አለበት። ለወራት ተቀምጦ ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን «ማንቃት» የሚባል ነገር አለ፤ ተዪው፣ የእሳት አደጋ አለው። መገናኛዎቹ ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ በጥጥና በአልኮል ጥረጊው። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው አልኮል ውኃ ስላለው ለዚህ ጥሩ አይደለም፤ የስልክ ጠጋኞች የሚጠቀሙበት አይሶፕሮፒል ይሻላል።

ምትክ ስትገዢ ሁለቱን ሞዴሎች አታምታቺ። የትንሹ ዲኤስአይ ባትሪ ቲደብሊውኤል-003 ሲሆን 840 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው፤ የኤክስኤሉ ዩቲኤል-003፣ 1050 ሚሊአምፔር ሰዓት። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ለኤክስኤል «2000» ተብሎ የተጻፈበት ካገኘሽ ቁጥሩ ውሸት ነው፤ በዚያ መጠን ያን ያህል አይገባም። ሂርማታ ገበያ አካባቢ ካጣሽው ከአዲስ አበባ ይላካል፣ ካልሆነ ከውጭ የሚመጣ ሰው ያመጣዋል፤ ለሚያመጣው ሰው ትርፍ ባትሪ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ እንደሚያዝ ንገሪው። 4 ዋት ሰዓት እንኳ የማይሞላ ስለሆነ ከ100 ዋት ሰዓት ገደብ በጣም በታች ነው።

ባትሪው እስኪመጣ አትጠብቂ። ቻርጀሩ ተሰክቶ እያለ መሣሪያው የሚቆይ ከሆነ ግልባጩን አሁኑኑ አውጪ። ለዚህ ካርዱ መስተካከል አለበት። ዲኤስአይ የሚያነበው እስከ 2 ጊጋ የሆነ መደበኛ ኤስዲ እና እስከ 32 ጊጋ የሆነ ኤስዲኤችሲ ነው፣ አቀማመጡም ፋት32 መሆን አለበት። የእናንተ 64 ጊጋ ኤስዲኤክስሲ ይባላል፣ ከፋብሪካ ሲወጣም ኤክስፋት በሚባል አቀማመጥ ነው፤ ስለዚህ አለማንበቡ የሚጠበቅ ነው፣ ማስገቢያው አልተበላሸም። በኮምፒውተር አስገድደሽ ፋት32 ብታደርጊው ሊያነበው ይችላል፣ ግን ለማይተካ ፋይል እንዲህ ያለውን ካርድ አላምነውም። ከአሮጌ ስልክ የወጣ 4 ወይም 8 ጊጋ ማይክሮ ኤስዲ ከነመግቢያው (ከነአዳፕተሩ) ይበቃል፤ ጌሙ ጥቂት ሜጋባይት ነው። የመግቢያው ጎን ላይ ያለችው መቆለፊያ ወደ ላይ፣ ማለትም ክፍት መሆኗን እዪ። ተቆልፋ ከሆነ ካርዱ ይነበባል፣ ነገር ግን መጻፍ እምቢ ይላል።

ገበያ ላይ ያሉ ርካሽ ካርዶች ውስጥ «32» ተብሎ የተጻፈበት 4 ጊጋ የሆነ አይጠፋም። ፋይሉን ይቀበላል፣ ከእውነተኛው መጠኑ በላይ የተጻፈውን ግን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ዊንዶውስ ካለሽ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ሊኑክስ ከሆነ በኤፍ3 ካርዱን ሙሉ አስፈትሺው። ፈተናው ረጅም ስለሆነ ማታ ለቀሽው ማደር ይቻላል። ከዚያ በኤስዲ ማኅበር ፎርማተር አዘጋጂው። «ፎርማት» የሚለው ቃል እዚህ የሚመለከተው ካርዱን ብቻ መሆኑን ለወንድምሽም አስረጂው፤ በመሣሪያው ሜኑ ውስጥ ያለውን ተመሳሳይ ቃል እንዳይነካ።

አገለባበጡ ቀላል ነው። ካርዱን አስገብተሽ የመፍቻ ምልክት ያለበትን ሲስተም ሴቲንግስ ክፈቺ፣ ዳታ ማኔጅመንት የሚለውን ምረጪ፣ በመሣሪያው ማህደር ውስጥ ካሉት ኤክስ-ስኬፕን ንኪ፣ ኮፒ የሚለውን ተጫኚ። ከጎኑ ያለው ዲሊት እንዳይነካ ወንድምሽን አስቀምጠሽ አንቺው ሥሪው። ሲጨርስ ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ክፈቺ፤ ፕራይቬት በሚለው ፎልደር ውስጥ ዲኤስ፣ በዚያ ውስጥ ታይትል የሚል ፎልደር አለ። ስሙ ስምንት ፊደልና ቁጥር የሆነ፣ መጨረሻው ቢን የሆነ ፋይል ካየሽ ተሳክቷል። ስሙን ሳትቀይሪ ፕራይቬት የሚለውን ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ ላፕቶፕ ላይና አንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጪው።

ይህ ግልባጭ ምን እንደሚያደርግና እንደማያደርግ ማወቅ አለብሽ። ጌሙ ከካርዱ ላይ በቀጥታ አይከፈትም፤ ለመጫወት ተመልሶ ወደ መሣሪያው መግባት አለበት። የተጫወታችሁት ደረጃም አብሮ ይገለበጣል፣ ግን የተገለበጠበት ቀን ላይ እንደቆመ ነው፤ ወንድምሽ ብዙ ከተጓዘ በኋላ አሮጌውን ግልባጭ ብትመልሺ ልጁ ወደ ኋላ ይመለስና ለቅሶ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ፋይሉ በዚያው በአንዱ መሣሪያ ቁልፍ የተቆለፈ ነው። ሌላ ኤክስኤል ገዝተሽ ብታስገቢው አይቀበለውም። ስለዚህ ጌሙ በስሕተት ቢሰረዝ ያድንሻል፤ መሣሪያው ራሱ ቢሞት ግን አያድንሽም።

ለሁለተኛው ዓይነት ዋስትና የመሣሪያውን የውስጥ ማህደር እንዳለ መገልበጥ ያስፈልጋል። ኮምፒውተር የሚያውቅ ዘመድ ወይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካለ ከእሱ ጋር ሥሩት። ሜሞሪ ፒት የሚባል ዘዴ አለ፤ ካርዱ ላይ በተወሰነ ፎልደር የሚቀመጥ አንድ ትንሽ ፋይል ነው፣ የመሣሪያውን የካሜራ መተግበሪያ ከፍተሽ በካርዱ ላይ ወዳለው አልበም ስትገቢ ሌላ ፕሮግራም እንዲነሣ ያደርጋል። ፋይሉ እንደ መሣሪያው የሶፍትዌር ቁጥር ስለሚለያይ ቁጥሩን ከሴቲንግስ አስቀድመሽ ጻፊው፤ የአሜሪካው የመጨረሻ ቁጥር 1.4.5 ነው። ከዚያ ትዋይላይት ሜኑ ይነሣል፣ በእሱ ውስጥ ደምፕቱል የተባለችውን ፕሮግራም ትከፍቺያለሽ፤ የውስጥ ማህደሩን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ፋይል ትገለብጠዋለች። ካርዱ ላይ ቢያንስ 250 ሜጋባይት ባዶ ቦታ ይኑር። የሚወጣው ፋይል እንደ ቺፑ ዓይነት 240 ወይም 245.5 ሜጋባይት ነው፤ ከዚህ ካነሰ ግልባጩ ተቋርጧል፣ ይደገም። አብሮት የሚወጣው ሻ1 የሚባል የፋይል ማረጋገጫ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ ከሚሰላው ጋር ባይገጥም አትደንግጪ፤ ደምፕቱል ቁጥሩን ካሰላች በኋላ ፋይሉ ላይ ትንሽ መረጃ ስለምትጨምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጠንክሬ ልናገር። መመሪያዎቹ ቀጥለው አንላውንች የሚባለውን፣ መሣሪያው ገና ሲበራ ሌላ ፕሮግራም እንዲነሣ የሚያደርገውን፣ እንድትጭኚ ይጋብዙሻል። ለግልባጭ አያስፈልግሽም። ደምፕቱል የምታነብ ብቻ ናት፤ አንላውንች ግን የመሣሪያው ማህደር ላይ ይጽፋል፣ በመካከል ባትሪ ከጠፋ መሣሪያው ዳግም ላይነሣ ይችላል። በአሥር ደቂቃ በሚጠፋ ባትሪ ይህን መሞከር ራስን ገደል መክተት ነው። ሲጨርስ ሜሞሪ ፒትን ከካርዱ ላይ መሰረዝ ይበቃል፣ ካሜራው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ያ ትልቅ ፋይል ካለሽ የስልክ ጥያቄሽም ይመለሳል። ሜሎንዲኤስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲኤስአይን ላፕቶፕ ላይ ያስመስላል፤ የሚጠይቀው የማህደሩን ግልባጭ እና ከዚያው መሣሪያ የሚወጡትን የባዮስና የፈርምዌር ፋይሎች (መሣሪያውን የሚያስነሡትን ፕሮግራሞች) ነው፣ እነሱን ዲኤስቢኤፍ-ደምፐር የምትባል ፕሮግራም በዚያው መንገድ ታወጣቸዋለች። በማስተካከያው የመሣሪያውን ዓይነት ዲኤስአይ አድርገሽ፣ ፋይሎቹን በየቦታቸው አሳይተሽ፣ ቡት ፈርምዌር ስትዪ የወንድምሽ ሜኑ ከነጌሙ ይመጣል። ለአንድሮይድም አለ። ይሁን እንጂ ይህ ጌም በስልክ ደስ አይልም፦ ታንኩ የሚዞረው በብዕር ስክሪኑ ላይ እየተሳበ ስለሆነ፣ ጣት ሲተካው የሚታየውን ይሸፍናል፣ ሌላው እጅ ደግሞ በመስታወት ላይ የተሳሉ ቁልፎችን ይፈልጋል። ላፕቶፕ ላይ ማውስ እንደ ብዕሩ ስለሚሆን በጣም ይሻላል። ጌሙን ከማይታወቅ ድረ ገጽ ለማውረድ የሚመክርሽ ይኖራል፤ የራስሽ ቅጂ እጅሽ ላይ እያለ ምን አመጣው? የወንድምሽ ደረጃም ከዚያ በሚወርደው ፋይል ውስጥ የለም።

ልጁ ለጌሙ ይህን ያህል ቢሳሳ አልፈርድበትም። ኤክስ-ስኬፕ በ2010 የወጣ፣ በ800 ነጥብ፣ ማለትም በ8 ዶላር ይሸጥ የነበረ ነው። የሠራው ኪዮቶ ያለው ኪው-ጌምስ ነው፤ መሥራቹ ዲላን ከትበርት ገና ወጣት ሳለ በ1992 ጃፓን ውስጥ ብቻ የተሸጠውን ኤክስ የተባለ የጌም ቦይ ጌም ከሠሩት አንዱ ነበር፣ በ1993 የወጣው ስታር ፎክስም ላይ እጁ አለበት። ኤክስ-ስኬፕ የዚያ የጌም ቦይ ጌም ተከታይ ነው። በካርትሪጅ አልታተመም። አውሮፓ ውስጥ ስሙ 3ዲ ስፔስ ታንክ፣ ጃፓን ውስጥ ኤክስ ሪተርንስ ስለሆነ አንድ ሰው ያገለገለ መሣሪያ ሲሸጥ በሌላ ስም ልታዪው ትችያለሽ። ያገለገለ ለመግዛት ከመጣ፣ ሻጩ የሜኑውን ፎቶ ከነምልክቱ እንዲልክና ከመላኩ በፊት «አጽድቼ ልስጥ» ብሎ ፎርማት እንዳያደርገው አስቀድመሽ ንገሪው። በቅንነት ያደርጉታል፣ ጌሙም በዚያው ይቀራል። የአክስትሽን ልጅ ደግሞ 3ዲኤስ ኖሮት እንደሆነ ጠይቂው። ብዙዎቹ የዲኤስአይ ጌሞች በ3ዲኤስ ስቶርም ይሸጡ ነበር፤ ያ ስቶር ማርች 27 ቀን 2023 ሽያጭ ቢያቆምም ቀድሞ እዚያ ለገዛ ሰው መልሶ ማውረዱ አልተዘጋም። ዲኤስአይ ላይ የተገዛው ግን እዚያ አይቆጠርም።

የንክኪው ነገር ለዚህ ጌም ወሳኝ ነው፣ መዞሩ ሁሉ በብዕሩ ነውና። መሣሪያውን ሳትከፍቺ ለመመርመር ከሜኑው ፒክቶቻት የሚባለውን የመጻጻፊያ ሰሌዳ ክፈቺና በብዕሩ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ያሉ መስመሮች በዝግታ ሳቢ። መስመሩ ሳይቆረጥ ከብዕሩ ጎን ጎን እየሄደ ከሆነ የጠፋው ልኬቱ ብቻ ነው፤ ሴቲንግስ ውስጥ ተች ስክሪን የሚለውን ገብተሽ የሚታዩትን ምልክቶች መሐላቸው ላይ በብዕር ጫፍ ንኪ፣ በጣት አይሆንም። መስመሩ በቀኝ ጠርዝ ላይ ወደ አንድ ነጥብ እየዘለለ የሚሸሽ ከሆነ ከፍሬሙ ሥር ቆሻሻ ገብቶ ስክሪኑን ሳያቋርጥ እየተጫነው ነው፤ ወንድምሽ ብዕሩን ወደ ቀኝ ሲስብ መሣሪያው ሁለት ቦታ የተነካ ይመስለውና መሐሉን ይወስዳል። ይህ ስክሪን እንደ ስልክሽ አይደለም፣ ሁለት ስስ ንጣፎች በግፊት ሲነካኩ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ የዳቦ ፍርፋሪም ቢሆን እንደ ጣት ይቆጠራል። መሣሪያውን አጥፊ፣ እንደ ቢዝነስ ካርድ ያለ ቀጭን ወረቀት በፍሬሙና በስክሪኑ መሐል አስገብተሽ በጠርዙ ዙሪያ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ፈሳሽ አትጨምሪ። ብዙውን ጊዜ በዚህ ይድናል። አንድ ሙሉ ቋሚ መስመር ጭራሽ የማይሰማ ከሆነ ግን የንክኪ ንጣፉ ወይም ሪባኑ (ጠፍጣፋው ስስ ገመድ) ነው፤ ያ መክፈት ይጠይቃል።

ለመክፈት ከደረሳችሁ ስልክ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ሰው ፈልጊ፣ ሦስት ነገርም ንገሪው። ሪባኖቹ የሚያዙባቸው ጥቃቅን መቆለፊያዎች በጥፍር ወደ ላይ የሚነሡ ናቸው እንጂ የሚጎተቱ አይደሉም። የዋይፋይ ካርዱ ቦርዱ ላይ ለብቻው የተሰካ ነው፤ በደንብ ተመልሶ ካልተጫነ መሣሪያው መብራቱ በርቶ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል ወይም የስሕተት መልእክት ያወጣል፣ ያኔ «ቦርዱ ሞቷል» ከመባሉ በፊት እሱ ይታይ። ሦስተኛው ያው ነው፣ ማንኛውም ምርመራ ፎርማት አያስፈልገውም።

ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ወይም ሲወጣ መሣሪያው ቀንና ሰዓት ሊጠይቅሽ ይችላል። የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሆነ 9፡00 ብለሽ ሙዪው። ይህ ሲመጣ የተበላሸ መስሏችሁ ሴቲንግስ ውስጥ አትንከራተቱ።

ለጅማ ክረምት ደግሞ መሣሪያውን የማትጠቀሙበት ከሆነ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ በሚገጠም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ወይም ከቦርሳ ጋር ከሚመጡት የሲሊካ ከረጢቶች ሁለት ሦስት ጨምራችሁ አስቀምጡት። ሲሊካው ከወራት በኋላ እርጥበት ስለሚጠግብ ይቀየራል። በየሦስት ወሩ አውጥታችሁ ትንሽ ቻርጅ አድርጉት። ጠጋኝ ጋ አድሮ ከዋለም የኤስዲ ካርዱን አውጥተሽ ቤት አስቀሪው፤ ለባትሪም ለስክሪንም ሥራ ካርዱ አያስፈልገውም።